እጅሽን አልጠራጠርም

ልጄ፣

አባትሽ ደውሎ «ልጅቷ የአውሮፕላን ዕቃ መገጣጠም ልትማር ነው፤ አንተ ዕድሜህን በዚያ ሥራ የጨረስክ ሰው ነህና ምከራት» አለኝ። አንቺም ቀጥለሽ «ጋሼ፣ ለዚያ ሥራ የኔ እጅ ይበቃል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ የሚመለስ ጥያቄ ስላልመሰለኝ ተቀምጬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

እጅሽን አልጠራጠርም። ምናለሽ ተራ ያደገ ልጅ እጁን የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም። ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው በርሜል በአባትሽ ሱቅ ደጃፍ ሲራገፍ ዝገትና ጥቀርሻ ነው። አባትሽ በመሮ ይሰነጥቀዋል፣ ይዘረጋዋል፣ በመዶሻ ያቃናዋል፤ ጠርዙን አጥፎ ከሌላው ጠርዝ ጋር ያቆላልፍና እንደገና ይቀጠቅጠዋል። ብየዳ የለው፣ ማጣበቂያ የለው፤ ውሃ ብትሞዪበት ግን አያፈስም። ሜትር አውጥቶ ሲለካ አይቼው አላውቅም። በስንዝሩና በዓይኑ ነው የሚሠራው፤ የምድጃው በር ግን ልክክ ብሎ ይዘጋል። አንቺም ከትምህርት ቤት መልስ ከጎኑ ቁጭ ብለሽ የኩራዝ ክዳን ስታጥፊ አይቼሻለሁ። እያወራሽ፣ ቆርቆሮውን ሳታዪው፣ ጣትሽም ሳይቆረጥ ታጥፊው ነበር። ያ ዓይነቱ የጣት ዕውቀት ክፍል ውስጥ በጥቂት ወራት የሚገኝ አይደለም። አብረውሽ ከሚገቡት ብዙዎቹ እሱን ለማግኘት ገና ይደክማሉ።

የምፈራልሽ በሌላ በኩል ነው። መርካቶ ከእጁ ሌላ ማብቃቃትንም አስተምሮሻል፤ የጎደለውን በሌላ መሙላት፣ የጠፋውን በተገኘው መተካት፣ የማይገባውን አለዝቦ ማስገባት። እጅሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ማብቃቃቱን በር ላይ ትተሽው መግባት አለብሽ። ይህን የምልሽ ማብቃቃትን ንቄ አይደለም። ስንቱ ቤት በክፉ ቀን የቆመው በእሱ ነው። አውሮፕላን ላይ ግን አንድ ነገር ጎድሎ ስታገኚ ብልሃትሽን ማንም አይፈልገውም። የሚፈለግብሽ እጅሽን ሰብስበሽ «ይህ ጎድሏል» ብለሽ መናገርና መጻፍ ነው። ከእጅ ሥራው ይልቅ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እኛ ደግሞ በተለይ እንቸገርበታለን፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ሰው አውሮፕላን ሲባል ሞተርና ክንፍ ነው የሚታየው። ቦይንግ 747-400ን ብንወስድ ስድስት ሚሊዮን ያህል ክፍሎች አሉት፤ ግማሹ ማያያዣ ነው፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሪቬት የመሳሰለው። በውስጡ የተዘረጋው ሽቦ 274 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያደርሳል። ያንን ሽቦ በሰሌዳ ላይ እየዘረጋ የሚያስረው፣ ጫፉን የሚገጥመው፣ ብሎኑን በልኩ የሚያጠብቀው ሰው ነው። አየር መንገዳችን፣ ቦይንግና የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን በቂሊንጦ እንዲመረቱ የተስማሙባቸው ዋና ዕቃዎችም የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅልና ከአውሮፕላኑ ግድግዳ ጀርባ ሙቀትና ድምፅ የሚከላከለው ንጣፍ ናቸው። ሁለቱም የእጅ ሥራ ናቸው። ለአገራችንም ነገሩ ከዜሮ አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን እዚሁ አዲስ አበባ ሠርቶ አብርሯታል፤ ጣልያን ወስዷት እዚያው ስትኖር ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳልናለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ አየር መንገዱ «እሸት» ብሎ የሰየማቸውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላኖች ራሱ ገጣጥሟል።

አሁን አንዲት ትንሽ ሥራ በቅርብ ላሳይሽ። 22 ቁጥር የሚባለው የአውሮፕላን ሽቦ ቀጭን ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሽቦው ይቀጥናል። ላዩ በስስ ሽፋን ተለብጧል፣ ውስጡ ከ19 የመዳብ ክሮች ተገምዷል፤ የአንዱ ክር ውፍረት 0.16 ሚሊሜትር ነው። ጫፉን ለመግጠም መጀመሪያ ሽፋኑን ትልጪዋለሽ። እኛ ሰፈር ሽቦ በምላጭ ይላጣል፣ ሲቸኩሉም በጥርስ። እዚያ ለየሽቦው ቁጥር የተለካ ቀዳዳ ያለው መላጫ ይሰጥሻል። ምላጭ ሽፋኑን አልፎ ከክሮቹ አንዱን ቢጭረው ጭረቱ በባዶ ዓይን አይታይም። መብራቱም ይበራል፣ ፈተናውንም ያልፋል። አውሮፕላኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ግን ጭረቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ከጊዜ በኋላ ክሩ ይበጠሳል፣ የቀሩት የእሱን ሸክም ተቀብለው መሞቅ ይጀምራሉ። ሽቦውን የላጠው ሰው ያን ጊዜ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

የተላጠውን ጫፍ ፒን የሚባለው የብረት መግጠሚያ ውስጥ ትከቺዋለሽ። ፒኑ ጎኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መስኮት አለችው። ክሮቹ በዚያች መስኮት ካልታዩሽ ሽቦው እስከ ታች አልገባም ማለት ነው፤ አውጪና እንደገና ጀምሪ። ከዚያ በመጭመቂያው ትጨምቂዋለሽ። መጭመቂያው ጥርስ ስላለው ሙሉ በሙሉ ካልተጨመቀ አይከፈትም። በደንብ የተጨመቀ ፒን ውስጥ ሽቦውና ብረቱ አየር እስከማያስገቡ ድረስ ይጣበቃሉ፤ አየር ካልገባ ዝገት አይገባም። «በሊድ ቢበየድ አይሻልም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል፤ ሬዲዮ የሚጠግኑት ሲያደርጉት አይተሻልና። ሊድ የጠጣ ሽቦ ይደርቃል፣ ሁልጊዜ በሚንቀጠቀጥ ቦታ ደግሞ የደረቀው ነው ቀድሞ የሚሰበረው። መጭመቂያው ራሱም ይመረመራል። መፈተሻ ዘንግ አለው፤ አንደኛው ጫፍ በመንጋጋው ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ሌላው ጫፍ ማለፍ የለበትም። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚቀጥለው ምርመራ መቼ እንደሆነ ይነግርሻል። ቀኑ ትናንት ካለፈ፣ መሣሪያው ምንም ደህና ቢመስልሽ፣ አትንኪው።

ስለ ብሎን ደግሞ ረዘም አድርጌ ላውራሽ። ሶማሌ ተራ ብሎን ልንገዛ ስንሄድ የወለቀውን አሮጌ ኪሳችን ውስጥ ይዘን ነው። ሻጩ ይቀበልና በጣቱ ያገላብጠዋል፣ ከኋላው ካለው ጣሳ አንዱን ያወጣል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ያያቸውና «ይኸው ወንድሙ» ብሎ ይሰጥሻል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የእነዚያን ሰዎች ዓይን እኔ ከልቤ አደንቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በጁን 1990 በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ አንድ የፈረቃ ኃላፊ ልክ እንደዚሁ አደረገ። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ንብረት የሆነ የቢኤሲ 1-11 አውሮፕላን የፊት መስታወት በሌሊት ይቀይር ነበር። አሮጌዎቹን ብሎኖች ይዞ ወደ መጋዘን ሄደ። የመጋዘኑ ሰው ለዚህ መስታወት የሚሆነው ሌላ ቁጥር ነው ብሎ ነገረው። ኃላፊው ግን የወለቁት ለዓመታት ይዘው የኖሩ ስለሆኑ የእነሱኑ ዓይነት ፈለገ። መጋዘኑ ውስጥ በቂ ስላልነበረ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ሄዶ፣ ደብዛዛ ብርሃን ላይ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር በዓይኑ እያስተያየ መረጠ። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው በ0.66 ሚሊሜትር ያህል የቀጠኑ ሆኑ። የቀሩት 6 ደግሞ በ2.5 ሚሊሜትር ያህል ያጠሩ ነበሩ። ጁን 10 ቀን አውሮፕላኑ ወደ ስፔን ማላጋ ተነሥቶ ከ5,000 ሜትር በላይ ሲደርስ መስታወቱ ተነቅሎ ሄደ። ካፒቴን ቲም ላንካስተር ወገቡ ድረስ በመስኮቱ ወጣ፤ የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው ቀሩ፤ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈ። ካፒቴኑም ተሳፋሪዎቹም በሕይወት ተረፉ።

ይህን የምነግርሽ ሰውየውን እንድትንቂው አይደለም። ልምድ ያለው፣ በሥራው የሚታመን ሰው ነበር፤ ለዚህም ነው የሚያስፈራኝ። 0.66 ሚሊሜትርን የሶማሌ ተራም የበርሚንግሃምም ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ብሎንን ከብሎን ጋር አታስተያዪ። የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ብሎኑ በመጣበት ከረጢት ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዪ፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል። ብዙ ጊዜ መጠኑን የምትለየው ያቺ የመጨረሻዋ ፊደል ናት። ሌላም ነገር ልብ በዪ። ከመስታወቱ የወለቁት አሮጌ ብሎኖች ራሳቸው አብዛኞቹ ትክክለኞቹ አልነበሩም፤ ከዚያ በፊት የገጠመ ሰው አጭሩን ገጥሞ ሄዷል። ስለዚህ «ይኸው ሲሠራ አይደል የኖረው» የሚልሽ ሰው ሲያጋጥምሽ መጽሐፉን ክፈቺ።

የማጥበቁን ነገር ባጭሩ ልንገርሽ፤ በትምህርቱ በሰፊው ታገኚዋለሽ። ብሎን ሲጠብቅ በዓይን የማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ነው ሁለቱን አካል አጣብቆ የሚይዘው። ካነሰ ይላላል፣ ከበዛ ይቆረጣል። ጥርሱ ላይ ጠብታ ዘይት ካለ በዚያው የእጅ ኃይል ብሎኑ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ ስለዚህ መጽሐፉ በደረቁ ካለ በደረቁ፣ ቀብተሽ ካለ ቀብተሽ። ልኩ ሲደርስ ጠቅ የሚል መፍቻ ይሰጥሻል። ጠቅ ካለ በኋላ «ለማንኛውም» ብለሽ አንዲት እንኳ አትጨምሪ። ይህቺን «ለማንኛውም» ከጋራዥ የመጡ ጎበዝ ልጆች እጅ ለማስለቀቅ ስንት ጊዜ ደክሜያለሁ! ሲጠብቅ ከብሎኑ ራስ እስከ አካሉ የሚደርስ የቀለም መስመር ይሰመራል፤ በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ከተገኘ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ቀለሙ የሚቀባው ካጠበቅሽ በኋላ ብቻ ነው። ቀለሙን ያየ ሰው ሁሉ ጠብቋል ብሎ ያልፋልና።

አሁን ወደ መጻፉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737-9 አሜሪካ ውስጥ ከፖርትላንድ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ እንደበረረ፣ በጎኑ በኩል የበር ቦታ የሚደፍነው አካል ተገንጥሎ ወደቀ። ውስጡ 177 ሰው ነበር፤ በፈጣሪ ቸርነት የሞተ የለም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር መድፈኛውን ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ የሚይዙት አራት ብሎኖች አልነበሩም። አውሮፕላኑ ገና ፋብሪካ ሳለ አጠገቡ ያሉ የተበላሹ ሪቬቶችን ለማስተካከል መድፈኛው ተከፍቶ ነበር። ሲዘጋ ብሎኖቹ አልተመለሱም። መከፈቱ ደግሞ የትም አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም መዘጋቱን እንዲያረጋግጥ የተጠራ ተቆጣጣሪ አልነበረም። አስቢው፤ በዓለም ስመ ጥር በሆነ ፋብሪካ፣ የእጅ ችሎታ ሞልቶ በተረፈበት ቤት፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ ስለጠፋች አውሮፕላን አራት ብሎን ሳይኖረው ወጥቶ በረረ።

መርካቶ መጻፍ አያውቅም የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም። የዕቁብ ጸሐፊ ገንዘቡን ሳይቆጥር፣ ስሙን ሳይጽፍ አይቀበልም፤ የገዛ ወንድሙ ቢሆን እንኳ። ማንም «አላመንከኝም» ብሎ አይቀየመውም። አንቺም ሥራሽን እንደዚያ ያዢው። አንድ ነገር ልትፈቺ ስትይ ከመፍታትሽ በፊት ጻፊ፤ ከፈታሽ በኋላ ስልክ ይደወላል፣ ሰው ይጠራሻል፣ ትረሺዋለሽ። ፈረቃ ስትለዋወጪ በአፍ ብቻ አታስረክቢ። ምሳ ስትወጪ ያልጨረስሽው ሥራ ላይ ምልክት አንጠልጥለሽ ሂጂ። ከምሳ ስትመለሺም ካቆምሽበት ቦታ አትቀጥዪ፤ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰሽ ጀምሪ።

ቆይቼ እነግርሻለሁ ያልኩት ይህ ነው። እኛ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። ሰውን በሰው ፊት አናሳፍርም። ወዳጅ «በሞቴ» ካለ እምቢ ማለት ይከብደናል። እኔ ይህን ባህል እወደዋለሁ፤ ዕድራችንም ጉርብትናችንም በእሱ ነው የቆመው። አውሮፕላን ሥራ ውስጥ ግን ይሉኝታ ሰው ይገድላል። ይህን ስልሽ ቃሉን አክብጄ እንዳይመስልሽ።

አንድ ቀን አብራሽ የምትሠራ ልጅ «ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው፤ ይህቺን ሥራ ጨርሻታለሁ፣ ማኅተምሽን ብቻ ምቺልኝ» ትልሻለች። የምትወጃት ልጅ ትሆናለች፤ ትናንት ምሳዋን ያካፈለችሽ። ማኅተም ማለት «በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ፈትሻለሁ» ማለት ነው። ያላየሽውን አይቻለሁ ብሎ መምታት በሐሰት መማል ነው። «አብሬሽ ልቆይና ሁለታችንም እንየው፤ በኋላ በታክሲ እንሄዳለን» በያት። ካኮረፈች ታኩርፍ፤ በሁለት ቀን ይበርድላታል።

ሌላ ቀን ደግሞ አንቺ ሳትወለጂ ሥራ የጀመረ ሰው «እኔ ይህን ስሠራው የኖርኩት እንዲህ ነው» ይልሻል። መጽሐፉ ሌላ ይላል። አትከራከሪው፤ ዝምም አትበዪው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ገጹን አብረን ብናየው» በዪና መጽሐፉን መካከላችሁ አስቀምጪው። ያን ጊዜ ነገሩ የአንቺና የእሱ ጸብ መሆኑ ይቀራል። አክብሮቱም አልጎደለ፣ ሥራውም አልተበላሸ። እምቢ ካለሽ ከእሱ በላይ ላለው ንገሪ፤ አሁንም ካልሰሙሽ ጻፊው። የበርሚንግሃሙን የመጋዘን ሰው አስቢው። ትክክለኛውን ቁጥር ያውቅ ነበር፤ ተናግሮም ነበር። አንድ ጊዜ መናገር የማይበቃበት ቀን አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በራስሽ ላይ መመስከር ነው። አንዲት ሮንዴላ ከጣትሽ አምልጣ ወደ ውስጥ ትወድቃለች። ማንም አላየሽም። ሥራ ከጀመርሽ ገና ሁለተኛ ወርሽ ነው፣ ቤተሰብ በደመወዝሽ ተስፋ አድርጓል። ልብሽ «ትንሽ ነገር ናት፣ ምን ታደርጋለች» ይልሻል። ያቺ ትንሽ ብረት በሽቦዎች መካከል ገብታ ከንዝረቱ ጋር ሽፋን ስትፍቅ ትኖራለች፣ ወይም የሚንቀሳቀስ ዘንግ ሥር ትወሸቃለች። «ጣልኩ» በዪ። ሥራው ይቆማል፣ ፓነል ይከፈታል፣ ሰው በባትሪ ይፈልጋል፤ ታፍሪያለሽ። ደህና የሚመራ ቤት ለዚህ ያመሰግንሻል እንጂ አይቀጣሽም። ከቀጣሽ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዕድሜሽን እንዳታባክኚ ቶሎ ማወቅሽ ይጠቅምሻል። የመሣሪያ ሳጥንሽም ለየመሣሪያው በቅርጹ የተቆረጠ ማረፊያ ያለው ለዚሁ ነው። ማታ አንዱ ማረፊያ ባዶ ከሆነ፣ ያ ካቻቢቴ ወይም ፒንሳ እስኪገኝ አውሮፕላኑ አይነቃነቅም።

ይህን ያህል የማጠብቅብሽ ለምንድን ነው? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ ይህች ከተማ ምን እንደሆነች አንቺም ታስታውሻለሽ። የዚያ መነሻ ኤምካስ የተባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት አሠራር ነበር። አንቺ ወደምትገቢበት ሥራ የሚቀርበው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቫ ይበር የነበረው የስዊስ ኤር በረራ 111 ካናዳ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ። 229 ሰው ነበረበት፤ አንድም አልተረፈም። የካናዳ መርማሪዎች ስብርባሪውን ከባሕር ወለል ለቅመው ከአራት ዓመት በላይ ደከሙ። እሳቱ ከአብራሪዎቹ ክፍል ጣሪያ በላይ በሽቦ ላይ ከተፈጠረ ብልጭታ ሳይነሣ እንዳልቀረ፣ የተዛመተው ደግሞ በሙቀትና ድምፅ መከላከያው ንጣፍ ሽፋን እንደሆነ ደረሱበት። ያ ዓይነቱ ንጣፍ ከአውሮፕላኖች እንዲወጣ ታዘዘ። ሽቦና ንጣፍ ነው ያልኩሽ፤ ቂሊንጦ ላይ እንዲመረቱ የታሰቡት እነዚያው ናቸው። ማንም ተሳፋሪ አያያቸውም። ፓነሉ አንዴ ከተዘጋ ቴክኒሻኑም ለዓመታት ላያያቸው ይችላል። የመጨረሻዋ ያየቻቸው ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ከመርካቶ አንድ ነገር ግን እንዳትጥዪ፤ ጥርጣሬሽን። ኦሪጂናልና ፎርጅድ ለይቶ ማደግ ትልቅ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የፖርቱጋል አየር መንገድ ቴክኒሻኖች አዲስ ተብሎ የመጣላቸው የሞተር ዕቃ ያረጀ መሰላቸውና አምራቹን ጠየቁ። ሰነዱ የተጭበረበረ ሆኖ ተገኘ። ኤኦጂ ቴክኒክስ የተባለ የለንደን ነጋዴ ድርጅት በሐሰተኛ ወረቀት ለዓለም አየር መንገዶች ዕቃ ሲያሰራጭ የኖረው በዚህ ታወቀ፤ ስንቱ አውሮፕላን ሞተሩ እየተፈታ ተመረመረ። ያንን ያገኘው ማሽን አልነበረም፤ «ይህ ዕቃ አዲስ አይመስለኝም» ያለ ሰው ነው። ያ ዓይን አንቺ አባትሽ ሱቅ ያገኘሽው ነው። የመርካቶ ልጅ ካርቶኑ ማማሩን አይቶ አይሸነፍም። እዚያም ካርቶኑን አልፈሽ ዕቃውን፣ ዕቃውን አልፈሽ ወረቀቱን እዪ። ቅር ካለሽ ዕቃውን ለይተሽ አስቀምጪና ተናገሪ።

ጥቂት ተራ ነገሮች ልጨምርልሽ። ሥራው ይሰለቻል። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ፒን መጭመቅ፣ አንድ ዓይነት ቋጠሮ በእኩል ርቀት ማሰር ነው። እጅ ሲለምድ ሐሳብ ይሸፍታል፤ ሐሳብሽ መሄዱን ስታውቂ ተነሥተሽ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን እንደገና ፈትሺ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾሚ፣ ከጎንሽ ያለችውም ልጅ በረመዳን ስትጾም፣ ጥቃቅኑን ሥራ ጠዋት እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። እጄ ይንቀጠቀጣል ማለት ነውር አይደለም። የሌሊት ፈረቃ ከደረሰብሽ ቀን ላይ ተኚ፤ ቤተሰብ እንግዳ መጣ ብሎ እንዳይቀሰቅስሽ አባትሽን እኔ እነግረዋለሁ። ቀለበትና አምባር ቤት አስቀምጪ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ሱቅ ውስጥ ከምታገኚው ላይበልጥ ይችላል፤ የሚያድገው በምስክር ወረቀትሽ ነውና ትምህርቱን አታቋርጪ።

የእንግሊዝኛው ነገር እንደሚያስፈራሽ አባትሽ ነግሮኛል። አትፍሪ። የጥገና መጻሕፍቱ የሚጻፉበት እንግሊዝኛ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተገደበ ነው። ቃላቱ ተመርጠዋል፣ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ አንድ ትእዛዝ አንድ ሥራ ብቻ ያዛል። የተዘጋጀውም እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ታስቦ ነው። አንድ መጽሐፍ በደንብ ካነበብሽ ሌላውን ታነቢዋለሽ። ማስጠንቀቂያው ከሥራው በፊት ነው የሚጻፈው፤ ዘለሽ አትለፊው። ያልገባሽን መስመር ከስልክ አስተርጉመሽ አትሥሪበት፤ አስተማሪሽን ጠይቂ።

ትምህርቱ እስኪጀመር እጅሽን አታቦዝኚ። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ቀጭን ሽቦ ለምነሽ አምጪ፤ ቁርጥራጩን አይነፍጉሽም። መላጫና አንድ ማጉያ መነጽር እኔ እሰጥሻለሁ። ሽፋኑን ልጪ፣ ክሮቹን በመነጽሩ ቁጠሪያቸው፣ የተጫረ ወይም የተቆረጠ እንዳለ እዪ። ለየአንዳንዱ ሽቦ ቀኑን፣ የክሮቹን ብዛትና ስንቱ እንደተጫረ ደብተር ላይ ጻፊ። የተበላሸውንም ጻፊ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝና ደብተሩንም ሽቦዎቹንም ይዘሽ ነይ።